ከመዝገብ ውጪ የቀሩት

ጎንደር ለማስተርስ ትምህርት የገባሁት በ2003 ዓ.ም. መስከረም ማለቂያ ላይ ነው። ከዚያ በፊት በአንድ ቆላማ ወረዳ ጤና ጣቢያ በጤና መኮንንነት አገለግል ነበር። ጤና ጣቢያው ትልልቅ ጥራዝ መዝገቦች ነበሩት፤ በየወሩ መጨረሻ እየደመርን ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ሪፖርት እንልካለን። በመዝገቡ ላይ የሞተ ጨቅላ ሕፃን እምብዛም አይገኝም። ገበያ ስወጣ፣ ለቅሶ ስደርስ፣ ከእናቶች ጋር ቡና ስጠጣ የምሰማው ግን ሌላ ነበር። በየመንደሩ ተወልደው ሳምንት ያልሞላቸው ሕፃናት ይሞታሉ፤ የሚያውቃቸው የተወለዱበት ቤት ብቻ ነው። መዝገቡ ውስጥ የሚገባው እኛ ዘንድ የመጣ ሰው ነው፤ ያልመጣው የት እንደሚጻፍ የነገረኝ አልነበረም። የኅብረተሰብ ጤና እንድማር የገፋኝ ይኸው ነው።

ለዚህ ትምህርት ከጎንደር የተሻለ ቦታ የለም ብዬ አምናለሁ፤ የተማርኩበት ስለሆነ ብቻ ግን አይደለም። ተቋሙን የወለደው ወረርሽኝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 በጣና ዳር፣ በደምቢያ፣ የተነሣ ወባ ወደ 7,000 የሚጠጋ ሰው ጨረሰ። ያን ተከትሎ በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ተከፈተ። ጤና መኮንን፣ የኮሚዩኒቲ ነርስና ሳኒታሪያን አብረው ተምረው፣ በቡድን ገጠር እንዲወርዱ ታስቦ የተቋቋመ ነው። ዛሬም የጎንደር የጤና ተማሪ በቡድን ሆኖ እንደ ኮላድባ ባሉ ትንንሽ ከተሞች ይሰነብታል፤ ምንጭ ያጠራል፣ መጸዳጃ ያስቆፍራል፣ ቤት ለቤት ይዞራል። እኛ ስንገባ ዩኒቨርሲቲው ሰፍቶ፣ ግቢዎቹ በዝተው ነበር። የጥንቱ ሐሳብ ግን ከመምህራኑ አፍ አልጠፋም።

የመጀመሪያው የኤፒዲሚዮሎጂ ክፍለ ጊዜ እስካሁን አይረሳኝም። ይህ ትምህርት በብዙ የዓለም ክፍል የሚጀመረው እ.ኤ.አ. በ1854ቱ የለንደን ኮሌራ፣ በጆን ስኖውና በውኃው ፓምፕ ታሪክ ነው። መምህራችን ያን ከማንሣታቸው በፊት የደምቢያን ወባ አነሡ። ከዚያም፣ «ሰባት ሺህ መሆኑን የቆጠረው ማን ነው?» አሉን። ዝም አልን። ቀጥለው እ.ኤ.አ. በ1958 በአገሪቱ ሰፊ ክፍል ስለተነሣው ወባ ነገሩን፤ ሦስት ሚሊዮን ሰው ታሞ 150,000 ያህል ሞቷል ተብሎ ይገመታል። «ይገመታል» የሚለውን ጫን ብለው ነው የተናገሩት። በየመንደሩ የሟቹን ስም ጽፎ የሚያኖር አልነበረም፤ በኋላ የመጡ ባለሙያዎች ካዩት ትንሽ ተነሥተው ነው ትልቁን ያሰሉት። ከፊቴ የተቀመጠ የመተማ ልጅ፣ የወባ ክፍል ኃላፊ የነበረ፣ አያቱ በዚያ ዘመን ከብዙ የቤተሰባቸው አባላት ጋር እንዳለቁ ተናገረ። ከዚያ በኋላ 150,000 የሚለውን ቁጥር ባየሁ ጊዜ ሁሉ የዚያ ልጅ አያት ይገቡበት ይሆን እላለሁ።

ክፍላችን ከየአቅጣጫው የተሰበሰበ ነበር፤ ከወሎ፣ ከመቀሌ፣ ከወለጋ፣ ከጎጃም። አብዛኞቻችን ልጅና ትዳር ትተን፣ ከመሥሪያ ቤት ተፈቅዶልን የመጣን ነን። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው። ማታ በሻይ ቤት ክርክሩ ሲነሣ ግን ሁሉም የየወረዳውን ጉድ ይዞ በአማርኛ ይሟገታል፤ እዚያ የተማርኩት ከክፍል ውስጡ አያንስም።

ባዮስታቲስቲክስ ብዙዎቻችንን ያስፈራን ነበር። የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ተማሪ ሁሉ የሚያውቃት አንዲት ቁጥር አለች፤ 384። አንድ ችግር ምን ያህል እንደተስፋፋ አስቀድሞ የሚታወቅ ነገር ከሌለ ግማሽ በግማሽ ነው ተብሎ ይነሣል። ግምታችን ከአምስት በመቶ በላይ ወዲያ ወዲህ እንዳይል፣ መተማመኛችንም 95 በመቶ እንዲሆን ከፈለግን ቀመሩ 384 ሰው ጠይቁ ይለናል። ለማይገኘውና መልስ ለማይሰጠው አሥር በመቶ ሲጨመር 423 ይሆናል። በዩኒቨርሲቲዎቻችን መደርደሪያ ላይ ያሉትን የመመረቂያ ጽሑፎች ያገላበጠ ይህችን ቁጥር ደጋግሞ ያገኛታል። የእኛ መምህር ስሌቱን በጠመኔ ሠርተው ሲያበቁ ወደ እኛ ዞረው፣ «እነዚያ አሥር በመቶዎቹ እነማን ናቸው?» ብለው ጠየቁ። አንዱ «ቤት ያልተገኙ» አለ። «ለምን አልተገኙም?»

ያ ጥያቄ ብዙ ነገር ከፈተልኝ። በአገራችን የመጀመሪያ ልጇን የምትወልድ ሴት ብዙ ጊዜ ለመውለድ እናቷ ቤት ትሄዳለች፤ ጠያቂው ባሏ ቤት ሲደርስ የለችም። ባሏ የሞተባት ወይም የተፋታች ወደ ከተማ ትወጣለች፤ እሷም የለችም። በወሊድ የሞተችው ደግሞ ለዘላለም መጠይቅ አትመልስም። ለዚህ ነው በአገር አቀፉ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት የእናቶች ሞት የሚለካው እህቶችን በመጠየቅ የሆነው። «ከአንድ እናት የተወለዱ እህቶችሽ ስንት ነበሩ? የሞተች አለች? ስትሞት ነፍሰ ጡር ነበረች? በወሊድ ላይ ነበረች?» ይባላል። በ2003 ዓ.ም. ጥናት ከ100,000 በሕይወት ከተወለዱ ሕፃናት አንጻር 676 እናቶች ይሞታሉ የተባለው በዚህ መንገድ ነው። ሟቿን ወክላ የመሰከረችው እህቷ ናት። ይህን የሰማሁ ዕለት ስታቲስቲክስን መፍራት ተውኩ፤ ከቀመሩ በስተጀርባ ሰው እንዳለ ገባኝና።

የመመረቂያ ጽሑፌ ርዕስ የጨቅላ ሕፃናት ሞትና የመውለጃ ቦታ ሆነ። በዚያው በ2003ቱ ጥናት በጤና ተቋም የሚወለደው ከመቶ አሥር ብቻ ነበር። ከሺህ ሕፃናት 37ቱ የመጀመሪያ ወራቸውን ሳይጨርሱ ይሞታሉ። አማካሪዬ ንድፈ ሐሳቤን አንብበው፣ «መጠይቁን ከመጻፍሽ በፊት ሁለት ሦስት አራስ ቤት ገብተሽ ቁጭ በይ፤ ደብተር እንዳትይዢ» አሉኝ። ገንፎውን እየበላሁ፣ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያልኩ ተቀመጥኩ። ሰው «ስንት ወለድሽ?» ሲባል ያሉትን ልጆች እንደሚቆጥር እዚያ ነው ያየሁት። የሞቱት የሚነሡት ነገር ነገርን ሲያነሣ ነው፤ ስለ አንድ ክረምት ሲወራ፣ ስለ አንድ በሽታ ሲነገር፣ «ያኔ እንኳ ያ ልጅ…» ተብሎ።

የሥነ ምግባር ገምጋሚ ቦርዱ ፊት ስቀርብ ስለ ፈቃደኝነትና ስለ ምሥጢር አጠባበቅ ተዘጋጅቼ ነበር። አንዲት የቦርድ አባል ግን፣ «እናቲቱ ብታለቅስ መረጃ ሰብሳቢ ልጆችሽ ምን ያደርጋሉ?» አሉ። ለመረጃ ሰብሳቢዎቹ በሰጠሁት ሥልጠና ላይ ከሁሉ ረጅሙን ጊዜ የወሰደው የዚህ ጥያቄ መልስ ነው። መጠይቁን አጥፎ ማስቀመጥ፣ አብሮ ዝም ማለት፣ እሷ ቀጥሉ ካላለች ተሰናብቶ መውጣት። ፎርሙ ሳይሞላ ቢቀር ይቅር።

ለሥራው የመረጥኩት ደባት ወረዳን ነው። ከጎንደር በስተሰሜን፣ በደባርቅ መንገድ፣ ኮሶዬንና አምባ ጊዮርጊስን አልፈው 75 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሄዱ የሚገኝ ብርዳማ ደጋ። ዩኒቨርሲቲው እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ በዚያ ወረዳ በተመረጡ ቀበሌዎች የሚወለደውን፣ የሚሞተውን፣ የሚገባና የሚወጣውን ሰው ቤት ለቤት እየተከታተለ ይመዘግባል። ሰው ሲሞት፣ የሐዘኑ ጊዜ ካለፈ በኋላ፣ የሠለጠነ ጠያቂ ወደ ቤተሰቡ ይሄዳል፤ ሕመሙ እንዴት እንደጀመረ፣ ትኩሳት እንደነበረው፣ ስንት ቀን እንደተኛ አንድ በአንድ ይጠይቃል። ሐኪሞች ያን አንብበው የሞቱን መንስኤ ይወስናሉ። የሞት የምስክር ወረቀት እምብዛም በማይጻፍበት አገር ሰው በምን እንደሚሞት የሚታወቅበት ዋናው መንገድ ይህ ነው። የእኔ ጥናት አነስተኛና ለብቻው የቆመ ነበር፤ ነገር ግን እንዴት ተብሎ ሰው ደጅ እንደሚቆም የተማርኩት እዚያ ለዓመታት ከሠሩት ሰዎች ነው።

መረጃ የሚሰበስቡልኝ የአካባቢው ልጆች ነበሩ፤ አሥረኛ ወይም አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሱ ወጣት ሴቶች። የሥራ ቀናችንን ያወጡት እነሱ ናቸው። ወሩ መጋቢት ነበር፤ በአዘቦት ቀን እናቶች ውኃ ለመቅዳትና እንጨት ለመልቀም ገና በጠዋት ይወጣሉ። በሚካኤል፣ በማርያም፣ በበዓለ እግዚአብሔር ዕለት ግን የእርሻ ሥራ ስለማይሠራ፣ ከቅዳሴ መልስ ሁሉም ቤቱ ይገኛል። እኔ በጎንደር ያወጣሁት የሥራ መርሐ ግብር ቅዳሜና እሑድን እንኳ ያላሰበ ነበርና እነሱ ያሉትን ይዤ ሄድኩ። አህያ የማያልፍበትን ገደል በፕላስቲክ ጫማ ሲወርዱ፣ መጠይቁን በፌስታል ጠቅልለው ብብታቸው ሥር ይይዙት ነበር። በሪፖርቶች ላይ «መረጃ ሰብሳቢዎች» ተብለው በአንድ መስመር የሚታለፉት እነዚህ ልጆች ናቸው። አገሪቱ ስለ ራሷ የምታውቀውን አብዛኛውን ነገር ያወቀችው በእግራቸው ነው።

አንድ ቀን ከአንዷ ጋር አንዲት እናት ቤት ገባን። እኔ ለክትትል ነው የተቀመጥኩት፤ የምትጠይቀው ልጅቱ ናት። እናቲቱ ሠላሳ ዓመት አይሞላትም። አማቷ ምድጃው አጠገብ ተቀምጠው ጥጥ ይፈትላሉ። «ወልደሽ የሞተብሽ ልጅ አለ?» አለቻት ልጅቱ። «የለም» አለች። በመጠይቁ ላይ ቀጥሎ የሚመጣ ጥያቄ አለ፤ አገር አቀፉ ጥናትም የሚጠይቀው ነው። የተወለደ ሕፃን አልቅሶ ወይም ተንቀሳቅሶ፣ ለጥቂት ሰዓት ወይም ለጥቂት ቀን ብቻ የኖረ እንደሆነ ይጠየቃል። ልጅቱ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀች።

እናቲቱ መልስ አልሰጠችም። አማትየው እንዝርታቸውን ሳያቆሙ፣ «ያ አይቆጠርም፤ ክርስትናም አልተነሣ» አሉ።

«አልቅሷል» አለች እናቲቱ። «እኔ ሰምቼዋለሁ።»

ወንድ ሕፃን በአርባ፣ ሴት በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ትነሣለች። በብዙ ቦታ ከዚያ በፊት ለሞተ ሕፃን ለቅሶ አይቀመጡለትም፤ ሰውም «ሌላ ይተካ» ብሎ ያልፋል። አማትየው ክፉ ሰው አልነበሩም። በኋላ እንደነገሩን እርሳቸውም በዚሁ ዓይነት የቀበሯቸው አሉ፤ ማንም ቆጥሮላቸው አያውቅም፤ ለምራታቸው የመከሩት ራሳቸው የኖሩበትን ነው። ልጅቱ መጠይቁን አጠፈች። ሦስቱም ሴቶች ዝም አሉ፤ እኔም ዝም አልኩ። ቆይታ እናቲቱ ራሷ «ጻፊው» አለች። የስም ቦታው ላይ «ሕፃን» ተብሎ ተጻፈ፤ ስም አልወጣለትም ነበርና። የተወለደው ቤት ውስጥ ነው። በሦስተኛው ቀን መጥባት አቆመ፤ ሰውነቱ ጋለ፤ ሞተ። ጨቅላዎችን በብዛት የሚገድሉት ሦስት ነገሮች ናቸው፤ ያለጊዜ መወለድ፣ ሲወለዱ መታፈንና ኢንፌክሽን። እናቲቱ የነገረችን ሦስተኛውን ይመስላል። ማንም የጤና ባለሙያ ያን ሕፃን አላየውም።

ልንወጣ ስንል አማትየው፣ «ልጄ፣ እናንተ ጽፋችሁ ትሄዳላችሁ። ያ የጻፋችሁት የት ይደርሳል?» አሉኝ። ተመልሼ እነግርዎታለሁ አልኳቸው። «እንዲህ ያሉን ብዙ ናቸው» አሉ። ወቀሳ አልነበረም፤ የሚያውቁትን ነው የተናገሩት።

ጎንደር ተመልሼ መረጃውን ኢፒ ኢንፎ በተባለ የኮምፒውተር ፕሮግራም ሁለት ጊዜ አስገብቼ አመሳከርኩ፤ ኤስፒኤስኤስ በተባለው ተነተንኩ። የትንተናውን ወራት በዝርዝር የማወራው የለኝም፤ ቁጭ ብሎ መሥራት ነው። አንድ ነገር ግን ልናገር። በየቤቱ ከተነገሩን የጨቅላ ሞቶች አብዛኞቹን በጤና ኬላው መዝገብ ፈልጌ አላገኘኋቸውም። ይህን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ድክመት አድርጎ የሚያነብ ሰው ይሳሳታል። በአንድ ቀበሌ 5,000 ያህል ሕዝብ አለ፤ ሁለት ሴቶች ብቻ ናቸው የሚያገለግሉት፤ ክትባቱ፣ የቤተሰብ ዕቅዱ፣ መጸዳጃው፣ ወባው ሁሉ የእነሱ ነው። ማንም ያልነገራቸውን ሞት ከየት አምጥተው ይጻፉ? በመመረቂያ ጽሑፌ ላይ የውጭ ፈታኙ ያነሡት ዋና ጥያቄም ይኸው ነበር፤ እናቶች የደበቁትን ሞት በምን አወቅሽ አሉኝ። ሁሉን እንዳላወቅኩ፣ ቁጥሬ ከእውነቱ ሊያንስ እንጂ ሊበልጥ እንደማይችል መለስኩ። አሁንም የማምነው ያንኑ ነው።

ከተመረቅኩ በኋላ ውጤቱን በአንድ ገጽ አማርኛ አጭር አድርጌ ጽፌ ወደዚያ ቀበሌ ወሰድኩት። ይህን አድርጊ ያለኝ ደንብ አልነበረም። በቀበሌው ጽሕፈት ቤት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቹ፣ ሽማግሌዎች፣ የእናቶች ቡድን መሪዎችና አንድ ቄስ ተሰበሰቡ። የወረቀቱ ፍሬ ነገር ሁለት ነበር፤ ሕፃናቱ በአብዛኛው የሚሞቱት በመጀመሪያው ሳምንት መሆኑና ያን ጊዜ ባለሙያ ደጃቸው አለመድረሱ። ቄሱ ብዙ ካዳመጡ በኋላ አንድ ሐሳብ አመጡ። አራስ ባለበት ቤት ካህን ለጸሎት፣ ለጸበል ይጠራል፤ ስለዚህ ልደቱን ከሁሉ ቀድመው የሚሰሙት እነሱ ናቸው። ለጤና ኬላውም ሊነግሩ እንደሚችሉ ተናገሩ። እኔ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተቀምጬ ይህ በሐሳቤ አልመጣም ነበር። አማትየውም መጥተው ነበር፤ ከኋላ ተቀምጠው እስከ መጨረሻው ሰሙ።

በ2005 ዓ.ም. መንግሥት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በኢንፌክሽን የታመመ ጨቅላ ሕፃን ሆስፒታል መሄድ ካልቻለ በጄንታማይሲን መርፌና በአሞክሲሲሊን እንዲያክሙ የሚያስችል ፕሮግራም ጀመረ። በደባት ያየሁት ዓይነት ሕፃን መድኃኒት የሚያገኝበት በር ተከፈተ ማለት ነው። በጤና ተቋም መውለድም ጨምሯል፤ በ2003 ከመቶ 10 የነበረው በ2008 ጥናት 26፣ በ2011 ጥናት 48 ሆኗል። አምቡላንሱ፣ የእናቶች ማቆያው፣ በጤና ጣቢያ የሚቀርበው ገንፎና ቡና ሁሉም የየራሱን አስተዋጽኦ አድርጓል።

ይሁን እንጂ አንድ ነገር ዕረፍት ይነሣኛል። በ1992ቱ ጥናት ከሺህ ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ በ2008 ይህ ወደ 67 ወርዷል። ታላቅ ሥራ ነው። የመጀመሪያው ወር ሞት ግን ከ49 ወደ 29 ነው የወረደው። ቀድሞ ከሞቱት ሕፃናት ሠላሳ በመቶው ጨቅላ ከነበረ፣ በ2008 ከአርባ በመቶ በላዩ ጨቅላ ሆኗል። ክትባቱና አልሚ ምግቡ ትልልቆቹን አተረፈ፤ ሞት ወደ አራስ ቤት ጠጋ። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገሪቱ በይፋ ከተጀመረ ከሐምሌ 2008 ወዲህም ቢሆን፣ ተወልዶ በሦስተኛው ቀን የሞተ ሕፃን ስሙን የሚያስመዘግብለት ሰው ማግኘቱን እጠራጠራለሁ።

ዛሬ በጎንደር፣ በጅማ፣ በሐረማያ፣ በአዲስ አበባና በሌሎችም ዩኒቨርሲቲዎች በየዓመቱ ብዙ ወጣቶች በኅብረተሰብ ጤና ማስተርሳቸውን ይይዛሉ። ብዙዎቹ አራት መቶ፣ ስምንት መቶ ቤት አንኳኩተው ነው የሚመረቁት። ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ተጠርዞ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል፤ ዕድለኛው በመጽሔት ይታተማል። መልሱን የሰጠው ሰው ግን አያነበውም። ዩኒቨርሲቲዎቻችንን የምለምነው አንድ ነገር ነው። ተማሪው ጽሑፉን አስረክቦ ሳይመረቅ በፊት፣ ውጤቱን ሕዝቡ በሚናገረው ቋንቋ በአንድ ገጽ ጽፎ ለጠየቃቸው ቀበሌዎች ማድረሱን የሚያሳይ ማስረጃ ያቅርብ። ብዙ ወጪ የለውም፤ የአንድ ቀን ትራንስፖርትና ጥቂት ፎቶ ኮፒ ይበቃል። አንተም፣ አንቺም፣ አሁን በመማር ላይ ያላችሁ፣ ደንቡ እስኪወጣ አትጠብቁ፤ ወረቀቱን ይዛችሁ ወደጠየቃችኋቸው ሰዎች ተመለሱ።